አሊስ ያላየቻት አሊስ

አሊስ ስፕሪንግስ! ይህ ስም ከየት እንደመጣ ካወቅሁ ወዲህ ለሰው ሳልነግር መዋል አቅቶኛል። ያገኘሁትን ሁሉ አስቁሜ አወራለሁ፤ ዛሬ ተራው የእናንተ ነው።

ካርታ ዘርጉና የአውስትራሊያን መሐል ፈልጉ። ከደቡቡ ጠረፍ፣ ከአደላይድ፣ 1,500 ኪሎ ሜትር ያህል፤ ከሰሜኑ ጠረፍ፣ ከዳርዊንም እንደዚያው 1,500 ኪሎ ሜትር ያህል። ከየትም ብትነሱ ሩቅ ነው። በዚያ ቀይ አፈርና ቀይ ዐለት መካከል ወደ 25 ሺህ የሚጠጋ ሰው የሚኖርባት ከተማ ተቀምጣለች፤ የስሟ ፍቺ «የአሊስ ምንጮች» ነው። እንግዲህ ስሙት! አሊስ የተባለችው ሴት ይህችን ቦታ አንድ ቀን እንኳ ረግጣት አታውቅም። ስሙን ያስገኘው ውኃም ምንጭ አይደለም። ከተማዋን አቋርጦ የሚያልፈው ወንዝ ደግሞ የባሏን ስም ተሸክሟል፤ እሱም ቢሆን የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳልፈው ደረቅ አሸዋ ሆኖ ነው። ሴትዮዋ በሌለችበት፣ ምንጩ በሌለበት፣ ወንዙ በማይፈስበት ምድር ላይ ይህ ስም እንዴት ተተከለ? ተተክሎስ እንዴት ጸና? መልሱን ፍለጋ ከበረሃው ወጥተን መጀመሪያ እንግሊዝ አገር፣ ካምብሪጅ ከተማ መግባት አለብን። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቻርልስ ቶድ በ1826 ለንደን ውስጥ የተወለደ የባለ ሱቅ ልጅ ነው። ሒሳብ ስለሚችል ገና በአሥራዎቹ ዕድሜው በግሪኒች የከዋክብት መመልከቻ ተቀጠረ፤ ቆይቶም ወደ ካምብሪጁ መመልከቻ ተዛወረ። በዚያች ከተማ ኤድዋርድ ቤል የሚባል የእህል ነጋዴ ቤት ይጋበዝ ነበር። የነጋዴው ልጅ አሊስ ያኔ 12 ዓመቷ ነው። በቤተሰቡ ሲተረክ የኖረው እንዲህ ነው፤ ዓይን አፋሩ ወጣት እኔን የምታገባ ሴት የምትገኝ አይመስለኝም እያለ ሲተክዝ ትንሿ አሊስ ሰምታ፣ ሌላ ከጠፋ እኔ አገባሃለሁ አለችው። ቤቱ ሁሉ ሳቀ፤ የልጅ ነገር ነው ተብሎም ታለፈ።

ዓመታት ሄዱ። በ1855 ቶድ የደቡብ አውስትራሊያ ቅኝ ግዛት የቴሌግራፍ ኃላፊና የመንግሥት የከዋክብት ተመራማሪ ሆኖ ተሾመ። ያ ማለት በመርከብ ወራት ተጉዞ፣ ምናልባትም ላይመለሱ፣ ወደ ሌላኛው የዓለም ጫፍ መሄድ ነው። ልጅቱ አሁን 18 ሞልቷታል። ቃሏን አላጠፈችም! በኤፕሪል ተጋቡ፤ አይሪን በምትባል መርከብ ተሳፍረው በኖቬምበር አደላይድ ገቡ። እዚያው ስድስት ልጆች ወለደች፣ እዚያው አረጀች፣ በ1898 ከዚህ ዓለም በሞት ተለየች። ስሟ የተጻፈበት በረሃ ግን ከቤቷ ደጃፍ የ1,500 ኪሎ ሜትር መንገድ ርቆ ነበር የሚገኘው።

አሁን ወደ ሽቦው እንምጣ፤ ስሙን ወደ በረሃው የወሰደው ሽቦ ነውና። በዚያ ዘመን የለንደን ወሬ አውስትራሊያ የሚደርሰው በመርከብ ነው፤ ወራት ይፈጃል። በ1870 አንድ የእንግሊዝ ኩባንያ ከጃቫ ደሴት ተነስቶ በባሕር ስር እስከ ዳርዊን ኬብል ሊዘረጋ ተነሳ። ከዳርዊን ወደ ደቡብ ያለውን የብስ ግን ማን ይሻገረው? የደቡብ አውስትራሊያ መንግሥት እኔ አለ። ከ200 ሺህ ያነሰ ሕዝብ ያለው ቅኝ ግዛት፣ ከፖርት ኦገስታ እስከ ዳርዊን 3,200 ኪሎ ሜትር ያህል፣ 36,000 ምሰሶ አቁሜ፣ ከሁለት ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ እጨርሳለሁ ብሎ ፈረመ። ቢዘገይ መቀጮ ይከፍላል። ያን ምድር ከደቡብ እስከ ሰሜን ጠረፍ በዚያ መስመር አቋርጦ የተመለሰ የአውሮፓውያን ቡድን ቢኖር ጆን ማክዱዋል ስቱዋርት በ1862 የመራው ብቻ ነው። ሥራው የተጣለው በቶድ ጫንቃ ላይ ሆነ።

የስሙ ምስጢር ያለው በዚህ ሽቦ አሠራር ውስጥ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። በአንድ ቀጭን የብረት ሽቦ የሚሄድ የኤሌክትሪክ ምልክት ሩቅ በሄደ ቁጥር ይደክማል። ስለዚህ በየ200ና በየ300 ኪሎ ሜትሩ ጣቢያ ያስፈልጋል። በየጣቢያው ሰው ተቀምጦ የሚመጣውን የሞርስ ድምፅ ያዳምጣል፣ ይጽፋል፣ በራሱ እጅ ደግሞ ወደሚቀጥለው ጣቢያ ይመታዋል። ሌሊትም ቀንም! ሰው ባለበት ውኃ የግድ ነው፤ ፈረሱም ግመሉም ባትሪውም ውኃ ይጠጣል። እንግዲህ የቴሌግራፉ መንገድ በአህጉሩ ሆድ ውስጥ ያለፈው ውኃ ውኃውን ተከትሎ ነው ማለት ይቻላል። በመንገዱ ላይ ስም ያገኙት ቦታዎችም በአብዛኛው ኩሬና የወንዝ አልጋ የሆኑት ለዚህ ነው።

በ1871 መጀመሪያ ቀያሾቹ ማክዶኔል ከሚባለው የተራራ ሰንሰለት ደረሱ። ይህ ሰንሰለት ምሥራቅና ምዕራብ ተዘርግቶ መንገዱን እንደ አጥር ይዘጋል። ስቱዋርት በፈረስ ያለፈው በምዕራብ በኩል ራቅ ባለ ስፍራ ነበር፤ ጭነት የያዘ ጋሪ ግን በዚያ አያልፍም። በር መፈለግ አለበት። ፈላጊው ዊልያም ዊትፊልድ ሚልስ የሚባል ቀያሽ ነው፤ በማርች 1871 አገኘው! ዐለቱ ለሁለት ተከፍሎ ወንዙ በመሐሉ የሚያልፍበት ጠባብ በር። በሩን በእንግሊዝ አገር በዴቨን በተማረበት ትምህርት ቤት ስም ሂቪትሪ አለው። ወንዙን በአለቃው ስም ቶድ አለው። ከበሩ ወደ ሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ሄዶ በወንዙ አልጋ ላይ ጥርት ያለ ውኃ አየና በአለቃው ሚስት ስም አሊስ ስፕሪንግ አለው።

ለአለቃ እጅ መንሻ ነው የሚል ይኖራል። ለእኔ ግን ከዚያ በላይ ነው። እነዚያ ሰዎች ሞት በጥም በሚመጣበት ምድር ነበሩ። አንድ ቀያሽ በዚያ ሁኔታ ካገኘው ነገር ሁሉ የከበረው ውኃው ነው፤ ያን የከበረውን ነገር ለሹም ወይም ለአገረ ገዥው አልሰጠም፤ አደላይድ ቤቷ ውስጥ ልጆች ለምታሳድግ ሴት ሰጠ። ባሏ ወራት ሙሉ ከቤት ሲጠፋ ቤቱን ይዛ የምትጠብቀው እሷ ነበረች። የነገሥታትና የጄኔራሎች ስም በሞላበት የቅኝ ግዛት ካርታ ላይ እንዲህ ያለ ስም ማግኘት ልብ ያሞቃል!

ውኃውስ? ሚልስ ምንጭ መሰለው። ከመሬት የሚፈልቅ ነገር ግን የለም። ከአሸዋው ስር ጠንካራ ዐለት አለ፤ ወንዙ በጎርፍ ሞልቶ ካለፈ በኋላ የቀረው ውኃ ወደ ታች መስረግ ስለማይችል በዐለቱ ላይ ይተኛል። ዝናብ ከጠፋ ብዙ ወራት ሆኖት እንኳ ኩሬው ውኃ ይዞ የሚገኝበት ጊዜ አለ። መንገደኛ በደረቅ አሸዋ ላይ ተጉዞ ተጉዞ እዚያ ሲደርስ ምንጭ ብሎ ቢጠራው ማን ይፈርድበታል?

ወንዙ ላይ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር፤ ካልነገርኳችሁ አያስችለኝም። የቶድ ወንዝ ደረቅ ስለሆነ የከተማዋ ሰዎች ከ1962 ጀምሮ በየዓመቱ በአሸዋው ላይ የጀልባ ውድድር ያካሂዳሉ። ጀልባዎቹ ወለል የላቸውም፤ ተወዳዳሪዎቹ ጎንና ጎኑን ይዘው በእግራቸው ይሮጣሉ። በ1993 ውድድሩ ተሰረዘ። ምክንያቱ? ወንዙ ውኃ ስለመጣበት! በዓለም ላይ በውኃ ምክንያት የተሰረዘ ሌላ የጀልባ ውድድር ካለ አሳዩኝ።

ሥራው ቀላል አልነበረም። በሰሜን በኩል የክረምቱ ዝናብ ሠራተኛውን ጭቃ ውስጥ ቀበረው፤ ተቋራጮቹ ተሰናበቱና መንግሥት ራሱ ያዘው። የተተከለውን እንጨት ምስጥ በላው፤ ኋላ በብረት መተካት ግድ ሆነ። የባሕሩ ኬብል በ1871 መጨረሻ ዳርዊን ሲደርስ የየብሱ ሽቦ ገና መሐሉ ክፍት ነበር፤ ክፍተቱን በፈረስ የሚጋልቡ መልእክተኞች ወረቀት ተሸክመው አያያዙት። ቀነ ገደቡ አለፈ። ጉድ ፈላ ሲባል በጁን 1872 የባሕሩ ኬብል ራሱ ተበጠሰና መቀጮ የሚጠይቅ ጠፋ!

ኦገስት 22 ቀን 1872 የሽቦው ሁለት ጫፍ ተገናኘ። ቶድ በዚያን ዕለት በአህጉሩ መሐል ሴንትራል ማውንት ስቱዋርት ከሚባለው ተራራ አጠገብ ሰፍሮ ነበር። ትንሿን የእጅ መሣሪያውን ከሽቦው ጋር አያይዞ በዚያ ብርድ ሌሊት ከየከተማው የመጣውን የእንኳን ደስ አለህ መልእክት ሲቀበል አመሸ። ከዚያም በፈረስ ወደ ደቡብ፣ ወደ ቤቱ ጉዞ ጀመረ፤ መንገዱ ደግሞ ሽቦውን ተከትሎ በአሊስ ስፕሪንግስ ያልፋል። አስቡት! ሰውየው የራሱን ስም በያዘው ወንዝ ዳር፣ በሚስቱ ስም በተጠራው ኩሬ አጠገብ ሲያልፍ። በኦክቶበር የባሕሩ ኬብል ተጠግኖ ለንደንና አደላይድ መነጋገር ጀመሩ፤ የወራት መንገድ የሰዓታት ሆነ። በመካከል ላይ፣ ከኩሬው አጠገብ የተሠራውና የአሊስን ስም የያዘው ጣቢያ ቁጭ ብሎ ቃሉን ሁሉ በእጁ ይቀበላል፣ በእጁ ያሳልፋል።

ይሁንና ስሙ እስካሁን የጣቢያ ስም ነው እንጂ የከተማ ስም አይደለም። ከተማዋ የተቆረቆረችው በ1888 ነው፤ ከቴሌግራፍ ጣቢያው በስተደቡብ፣ በይፋ የተሰጣትም ስም ስቱዋርት ነበር፤ በአሳሹ ስም። ስቱዋርት የሚገባው ሰው ነው፤ ጤናውን ያጣው ያን ምድር ሲያቋርጥ ነው። በካርታ ላይ ስቱዋርት ተጻፈ፣ በመዝገብ ላይ ስቱዋርት ተጻፈ። ደብዳቤና ቴሌግራም የሚገባው ግን ከላይ ካለው ጣቢያ ነው፤ የጣቢያው ስም ደግሞ አሊስ ስፕሪንግስ። ሰው አድራሻውን ሲጠየቅ የትኛውን ይበል? በ1929 የባቡር ሐዲዱ ደረሰ፤ ጋን የሚባለው ባቡር ነው፤ ስሙም አፍጋኖች እየተባሉ በጅምላ ይጠሩ ከነበሩት የግመል ነጂዎች ጋር ተያይዞ የመጣ ነው። ሰው በዛ፣ ጭነት በዛ፣ የሁለቱ ስሞች መደባለቅም ባሰ። በ1932 የፖስታና የቴሌግራፍ ሥራው ወደ ከተማዋ ሲወርድ ስሙንም ይዞት ወረደ። ኦገስት 31 ቀን 1933 መንግሥት እጁን ሰጠ፤ ከተማዋ በይፋ አሊስ ስፕሪንግስ ተባለች። አርባ አምስት ዓመት የቆየ የመንግሥት ስም በፖስታ አድራሻ ተሸነፈ! እኔን ከሁሉ በላይ ያስደነቀኝ ይህ ነው። ስሙን ያጸደቀው የደብዳቤ ጸሐፊው፣ የቴሌግራፍ ላኪው፣ የግመል ነጂው አፍ ነው።

ግን አንድ እውነት ሳላነሳ ባልፍ ደስታዬ ጎዶሎ ይሆናል። ሚልስ ሲደርስ ቦታው ስም አልባ አልነበረም። የአረንታ ሕዝብ ቦታውን ምባርንትዋ ይለዋል፤ ከአሊስም ከቶድም ከስቱዋርትም በፊት፣ ከማንም መዝገብ በፊት። በአረንታዎች ትውፊት ተራሮቹንና በሮቹን የቀረጹት በፍጥረት ዘመን በዚያ የተጓዙት የአባጨጓሬ አያቶች ናቸው፤ ሰንሰለቱ አካላቸው፣ ክፍተቱ የተጋድሏቸው አሻራ ነው። ሚልስ ጋሪ ማሳለፊያ ብሎ ያየው በር ለእነሱ ታሪክ የተጻፈበት ገጽ ነበር። ኩሬውንም ያውቁታል፤ መቼ እንደሚሞላ፣ መቼ እንደሚጎድል፣ ማን እንደሚቀዳው። ሽቦው በምድራቸው ሲያልፍ በመስመሩ ላይ ያሉ የአገሬው ሰዎች ሽቦ የሚታሰርባትን ስኒ ሰብረው ስለታም የጦር ጫፍ ይሠሩባት ነበር፤ የራሳቸው እጅ ጥበብ ባዕዱን ነገር እንዲህ አድርጎ የራሱ አደረገው።

ስማቸው ችላ ከመባሉ የባሰም አለ። ጣቢያው በ1932 ሥራውን ሲያቆም ሕንጻዎቹ ከቤተሰቦቻቸው የተወሰዱ የአቦርጂን (የነባሩ ሕዝብ) ልጆች የሚቀመጡበት ተቋም ሆኑ፤ እስከ 1942 ድረስም እንደዚያው ቆዩ። ከዓለም ዳር እስከ ዳር ሰውን ከሰው ያገናኝ የነበረው ቤት እናትና ልጅ የሚለያዩበት ሆነ። ይህን ሳነብ ደሜ ፈላ። ስሙን የሚወድ ሰው ይህንንም ማወቅ አለበት ብዬ አምናለሁ። የአረንታ ሕዝብ ግን አልጠፋም፤ በ2000 የአገሪቱ ፌደራል ፍርድ ቤት አረንታዎች በከተማዋ ክልል ውስጥ ያላቸውን የነባር ባለቤትነት መብት አጸደቀላቸው። ዛሬ ምባርንትዋ የሚለው ስም ከአሊስ ስፕሪንግስ ጎን ይጠራል፤ መጠራቱም ለስሙ ታሪክ ጌጥ ጨመረለት እንጂ አላሳነሰውም።

ጨረስኩ ብዬ ነበር፤ ግን የአሊስ የልጅ ልጅ ይቀራል፤ እሱን መተው ግፍ ነው! በ1886 ዊልያም ሄንሪ ብራግ የሚባል ወጣት የሒሳብና የፊዚክስ ፕሮፌሰር ሆኖ ከእንግሊዝ አደላይድ መጣ። በቶድ ቤት ሲገባ ሲወጣ ከልጃቸው ከግዌንዶሊን ጋር ተዋወቀና በ1889 ተጋቡ። በ1890 ሎረንስ የሚባል ልጅ ወለዱ። ልጁ ትንሽ ሳለ ወድቆ ክንዱ ሲሰበር አባቱ ያኔ ገና አዲስ በነበረው በኤክስሬይ አየው። ያ ጨረር የሁለቱም ዕጣ ሆነ፤ አባትና ልጅ በኤክስሬይ የክሪስታሎችን ውስጣዊ አሠራር የሚገልጹበትን ዘዴ አግኝተው በ1915 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማትን በጋራ ተቀበሉ። ሎረንስ ያኔ 25 ዓመቱ ነው፤ በሳይንስ ዘርፍ ኖቤል ከተሸለሙት ሁሉ እስካሁን በዕድሜ የሚያንሰው የለም። በ1938 ደግሞ የካቬንዲሽ ቤተ ሙከራ ኃላፊ ሆነ፤ ሳይንቲስቶቹ ዋትሰንና ክሪክ በ1953 የዲኤንኤን ቅርጽ ያገኙት በዚያው ቤት፣ በእሱ ኃላፊነት ዘመን ነው። ቤተ ሙከራው የት እንደሚገኝ ታውቃላችሁ? ካምብሪጅ! የ12 ዓመቷ አሊስ እኔ አገባሃለሁ ባለችበት ከተማ። ይህን ልብ ወለድ አድርጎ የሚጽፍ ደራሲ ቢመጣ አጋነንክ ብለን እንመልሰው ነበር።

ወደ በረሃዋ ከተማ እንመለስ፤ በአገሩ ሰው አፍ አሊስ ስፕሪንግስ ባጭሩ «ዘ አሊስ» ናት። እንደ ሰው ነው የሚጠሯት፤ ወደ አሊስ እንሂድ፣ ከአሊስ መጣን ይላሉ።

ከእናንተ መካከል እግር ጥሎት ወደዚያ የሚሄድ ካለ አደራ የምለው ነገር አለኝ። ሱቁንና ሆቴሉን ያቆየው፤ መጀመሪያ የወንዙን አሸዋ ተከትሎ ወደ ሰሜን አራት ኪሎ ሜትር ያህል ይሂድ። የድንጋዩ ጣቢያ ዛሬም ተጠብቆ ቆሟል፤ ኩሬው ከአጠገቡ ነው። ሲመለስ ደግሞ ውኃ ይዞ እንዳገኘው ወይም እንዳላገኘው ይንገረኝ፤ የሚነግረኝ ሰው እስኪመጣ ቸኩያለሁ።